ዋቅላሚ የዓሣን ውሃ እንዴት ያጠራል?

ከብት በበረት ያድራል፤ ሣር ለመጋጥ ወደ መስክ ይወጣል፤ ውሃ ለመጠጣት ወደ ወንዝ ይወርዳል። ዓሣ ግን እንዲህ አይደለም። መኝታውም፣ መመገቢያውም፣ መጸዳጃውም ያው አንዱ ውሃ ነው። ሐይቅና ወንዝ ሰፊ ስለሆኑ የዓሣው ቆሻሻ ብዙ ችግር አያመጣም። ነገር ግን ዓሣውን ከሐይቅ አውጥተን መቶ ሊትር በሚይዝ ሣጥን ውስጥ ብናኖረውስ? መቶ ሊትር ማለት ባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን አምስት ጊዜ ነው። ዓሣው በዚያች ውሃ ውስጥ ይበላል፤ በዚያችው ውስጥ ይጸዳዳል።

በከተማ በአንዳንድ መኖሪያ ቤቶች፣ በሆቴሎችና በትምህርት ቤቶች ውስጥ ዓሣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ሣጥን አኳሪየም ይባላል። ሰዎች ዓሣውን የሚያኖሩት ሊበሉት አይደለም፤ ሊያዩት ነው። «ታዲያ ይህ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ይረባዋል። በኩሬ፣ በጉድጓድ ውሃና በማሳ ውስጥ ከዓይን ተሰውሮ የሚካሄደው ነገር፣ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥም ይካሄዳል። እዚያ ግን ቀርቦ ማየት፣ መለካትም ይቻላል። ደግሞም ነገሩ የዓሣ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕፃናትንና የከብቶችን ሕይወትም የሚነካ ነው።

ናይትሬት ከየት ይመጣል?

ዓሣ ከሚበላው ምግብ ከፊሉ ሥጋ ይሆነዋል። የቀረው ወደ ውሃው ይመለሳል። ከሰውነቱ የሚወጣው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ይባላል። ሽታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሽንት የጠጣ በረት ጧት ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው እርሱ ነው። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ጥቂቱ ይገድለዋል።

በውሃውና በጠጠሩ ላይ ግን ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ባክቴሪያ ሲባል ሁሉም በሽታ የሚያመጣ ይመስላል። አይደለም፤ የሚጠቅሙም ብዙ ናቸው። ከነዚህ አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሥራው እንደ ቅብብሎሽ ነው። ይህን የባክቴሪያ ሥራ አጥንቶ ያስረዳው በኪየቭ ከተማ የተወለደው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነበር፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ባክቴሪያዎቹ በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ይህን የማያውቅ ሰው ሣጥኑን በገዛበት ቀን ዓሣ ይሞላበታል። በሳምንቱ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ከዚያ «ዓሣው በሽተኛ ነበር» ይላል።

የቅብብሎሹ መጨረሻ እንግዲህ ናይትሬት ነው። ናይትሬት እንደ አሞኒያ ቶሎ አይገድልም። ነገር ግን በየቀኑ ይጨመራል እንጂ አይቀንስም። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ እያለ ናይትሬት ሞልቶበት ሊሆን ይችላል። ሲበዛ ዓሣው ምግብ ይጠላል፤ ዕድገቱ ይጓተታል፤ በሽታም በቀላሉ ይይዘዋል። መጠኑን ለማወቅ ጥቂት ውሃ በብልቃጥ ቀድቶ መመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። በአብዛኛው በሚሠራበት ዓይነት መመርመሪያ ናይትሬቱ ጥቂት ሲሆን ውሃው ቢጫ፣ ሲበዛ ቀይ ይሆናል።

ለመሆኑ ናይትሬት ለእናንተ እንግዳ ነገር ነው ወይ? ስሙ እንጂ ራሱ እንግዳ አይደለም። ማሳችሁ ውስጥ አለ። ዩሪያ ስትበትኑ ወይም ፍግ ስታፈሱ፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ማዳበሪያው መጀመሪያ አሞኒያ፣ በመጨረሻም ናይትሬት ይሆናል። የጤፉና የበቆሎው ሥር የሚጠጣው በአብዛኛው ይህንን ነው። ስለዚህ በማሳ ላይ ናይትሬት ሀብት ነው። በዓሣ ውሃ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ጉድፍ ነው። ነገሩ ያው አንድ ነው፤ የሚለየው ቦታው ነው።

ውሃ መቀየር ብቻውን ይበቃል ወይ?

ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ናይትሬትን ለመቀነስ ብዙውን ጊዜ ውሃ ይቀይራሉ። በሂሳብ እንየው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ሚሊግራም ናይትሬት አለ እንበል። ሚሊግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሺኛ ነው። ከውሃው ሩቡን ደፍተን ናይትሬት በሌለው ውሃ ብንተካው፣ 40 የነበረው 30 ይሆናል። ጥሩ ነው። ነገር ግን በሳምንቱ ውስጥ ከዓሣው 10 ቢጨመርበት ተመልሶ 40 ይሆናል። ስለዚህ ባለ አኳሪየሙ በየሳምንቱ ባልዲ ሲያመላልስ ይኖራል።

አሁን ደግሞ የምንጨምረው የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ራሱ 40 ሚሊግራም ናይትሬት ያለበት ቢሆንስ? ያን ጊዜ የፈለግነውን ያህል ውሃ ብንቀይር ከ40 በታች አይወርድም። ልፋቱ በከንቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዓሣ የጀመርነውን ትተን ስለ ሰው ጥቂት መናገር አለብን። የጉድጓድ ውሃ ከየት ናይትሬት ያገኛል? ከጉድጓዱ አጠገብ የፍግ ክምር ካለ፣ በረት ካለ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ፣ ዝናቡ ናይትሬቱን አሟሙቶ ወደ መሬት ውስጥ ያሰርገዋል። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአዮዋ ክፍለ ግዛት ሀንተር ኮምሊ የተባሉ ሐኪም አንድ አስደንጋጭ ነገር ጽፈው አሳወቁ። በእርሻ ቤቶች የሚኖሩ ሕፃናት ሰውነታቸው ወደ ሰማያዊነት እየተለወጠ ይታመሙ ነበር። የሕፃናቱ ወተት የተበጠበጠው በጉድጓድ ውሃ ነበር። ውሃውም ናይትሬት የበዛበት ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ናይትሬቱ በሕፃኑ ሆድ ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጣል። ናይትራይቱ ከደም ጋር ሲቀላቀል ደሙ ኦክሲጅን ተሸክሞ መሄድ ያቅተዋል። ሕፃኑ አየር እየሳበ እያለ እንደ ታፈነ ይሆናል። ጠይም ወይም ጥቁር በሆነ ሕፃን ላይ ምልክቱ በቆዳው ላይ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ከንፈሩን፣ ድዱንና ጥፍሩን ማየት ያስፈልጋል። እነዚህ ሰማያዊ ወይም አመድማ ከሆኑ ሳይውል ሳያድር፣ እዚያው በሰዓቱ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። አዋቂ ሰው ይህን ያህል አይጎዳም። አደጋው የሚያይለው ከስድስት ወር በታች በሆኑና በጡጦ በሚያድጉት ላይ ነው። የእናቱን ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከዚህ አደጋ የራቀ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ናይትሬት እንዳይኖር ይመክራል። አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። ውሃ ማፍላት የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ናይትሬቱ በቀረው ውስጥ ስለሚጠራቀም ይብሳል። ስለዚህ መፍትሔው ከምድጃው ላይ ሳይሆን ከጉድጓዱ አቆፋፈር ላይ ነው። የውሃ ጉድጓድ ከመጸዳጃና ከፍግ ክምር ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። በተቻለ መጠንም ከነሱ በላይ በኩል እንጂ ከነሱ በታች አይቆፈር።

ወደ ዓሣው እንመለስ።

ዋቅላሚ ምንድን ነው?

በወንዝ ዳር ስትሻገሩ ድንጋዩ ያዳልጣችኋል። በድንጋዩ ላይ አረንጓዴ የሚያሙለጨልጭ ነገር አለ። በከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥም እንደ ፀጉር የተንዘረፈፈ አረንጓዴ ክር ይታያል። ኩሬም አንዳንዴ መላው አረንጓዴ ሆኖ ይሰነብታል። ይህ ሁሉ በሳይንስ መጽሐፍ ዋቅላሚ ወይም አልጌ ይባላል። ሥር የለውም፤ ግንድ የለውም፤ አበባና ፍሬም የለውም። ነገር ግን እንደ ማንኛውም ቡቃያ የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ፣ የተቃጠለ አየር ስቦ፣ ከውሃው ማዳበሪያ ወስዶ ያድጋል። ማዳበሪያው አሞኒያና ናይትሬት ነው። ሥር ስለሌለው በሰውነቱ ሁሉ ይጠጣል። እጅግ ፈጥኖም ያድጋል።

ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች አብዛኞቹ ዋቅላሚን ይጠሉታል። መስታወቱን ይሸፍንባቸዋል። በየጊዜው ይፍቁታል፤ ይረግሙታል። እንደ አረም ነው የሚያዩት። ፍርዱ ግን የቸኮለ ነው። ዋቅላሚው የመጣው ውሃው ማዳበሪያ ስለሞላበት ነው። ማዳበሪያውን እየበላ ነው። እኛ ባዘጋጀንለት ቦታ እንዲበቅል ብናደርገው፣ በመስታወቱ ላይ የሚበቅለው ይቀንሳል፤ ውሃውም ይጠራል።

ይህን በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ዋልተር ኤዲ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪ ናቸው። በዋሽንግተን ከተማ በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠሩ ነበር። ኤዲ የባሕር ዓሣዎች በሚኖሩበት በዛጎል ድንጋይ አካባቢ አጭር ዋቅላሚ እንደ ተጋጠ መስክ ምድሩን ሸፍኖ እንደሚበቅል አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በሙዚየሙ ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተው ትልቅ የባሕር ውሃ አኳሪየም ውሃው የሚጠራው በዚህ ዓይነት ዋቅላሚ ነበር። አሠራሩም ጥልቀት የሌለው ገንዳ፣ በገንዳው ውስጥ የተዘረጋ ወንፊት፣ ከላይ ብርሃን ነው። አንድ ባልዲ ደግሞ በውሃ እየሞላ በራሱ ይገለበጣል፤ ውሃውም እንደ ማዕበል በወንፊቱ ላይ ይፈስሳል። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጣቸው። የኤዲ ውሃ ጨዋማ ነበር። ነገር ግን ሕጉ በሐይቅና በወንዝ ውሃም ያው ስለሆነ፣ በኋላ ጨው በሌለው ውሃ ላይም በሰፊው ተሠርቶበታል።

አሠራሩ

በቤት ውስጥ ለሚገኝ አኳሪየም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ሻካራ የፕላስቲክ ወንፊት ይገኛል። ለስላሳ ከሆነ በመጋዝ ጥርስ ይቧጨራል፤ ዋቅላሚ ለስላሳ ነገር ላይ ጥብቅ ብሎ አይዝምና። ወንፊቱ ከሣጥኑ በላይ ይንጠለጠላል፤ ወይም በትንሽ ገንዳ ውስጥ ዘንበል ብሎ ይነጠፋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ የውሃ መሳቢያ ውሃውን ከሣጥኑ አውጥቶ በወንፊቱ ላይ ያፈስሰዋል። ውሃው ስስ ሆኖ መፍሰስ አለበት፤ እንደ ጠላ ማጥለያ ጨርቅ ሁልጊዜ የረጠበ ይሁን እንጂ የሰጠመ አይሁን። ከወንፊቱ አጠገብ ጠንከር ያለ መብራት ይደረጋል። በቀን ለ12 ሰዓት ያህል ቢበራ ደግ ነው። ፈስሶ የወረደው ውሃ ተመልሶ ወደ ሣጥኑ ይገባል።

በመጀመሪያ የሚታየው ቡናማ ንፍጥ መሳይ ነገር ነው። ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። መታገሥ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አረንጓዴው ፀጉር መሳይ ዋቅላሚ ይይዛል።

ኤሌክትሪክ በሌለበት፣ ኩሬ ላለው ሰውስ? ኩሬው ውሃ የሚያገኘው ከላይ በቦይ ከሆነ፣ ቦዩን ከኩሬው አፍ በፊት ሰፋ አድርጎ፣ ጥልቀቱን ከጣት ባልበለጠ ውሃ፣ ጠጠርና ሻካራ ድንጋይ አንጥፎ መልቀቅ ይቻላል። ፀሐይዋ መብራት ትሆናለች፤ ቁልቁለቱ የሞተሩን ሥራ ይሠራል። ዋቅላሚው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ዘር አይፈልግም።

ዋናው ነገር አጨዳው ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። «ዋቅላሚው ናይትሬቱን ከበላው ናይትሬቱ ጠፋ ማለት አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አልጠፋም። በዋቅላሚው ሰውነት ውስጥ ተቀመጠ እንጂ የትም አልሄደም። ዋቅላሚው አርጅቶ እዚያው ከበሰበሰ፣ ባክቴሪያዎቹ እንደገና አሞኒያ ያደርጉታል፤ አሞኒያውም ናይትሬት ይሆናል። ዙሩ ተመልሶ ከመነሻው ይገጥማል።

ይህ ለገበሬ አዲስ ትምህርት አይደለም። ባቄላ ዘርታችሁ ሲያብብ ብትገለብጡት፣ የበላው ሁሉ ወደ አፈሩ ይመለሳል። አጭዳችሁ ወደ አውድማ ብትወስዱት ግን የማሳው ጉልበት ከእህሉና ከገለባው ጋር ይወጣል። በማሳ ላይ ጉልበቱ እንዳይወጣ ትጨነቃላችሁ። በዓሣ ውሃ ላይ ግን የምንፈልገው እንዲወጣ ነው። ስለዚህ ዋቅላሚው መታጨድ አለበት።

አጨዳው በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ወንፊቱ ከውሃው ይወጣል። ከሣጥኑ ርቆ ስለት በሌለው ነገር፣ ለምሳሌ በማንኪያ ጀርባ ወይም በቀጭን ጣውላ ይፋቃል። ሙልጭ ተደርጎ አይፋቅ፤ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ሥሩ አካባቢ ጥቂት ይቅርለት። ሣር እንደሚታጨድ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ ወደ ቦታው መመለስ ነው። በሣጥኑ ውስጥ እያለ የሚፍቅ ሰው ግን በትኖ ተወው እንጂ አላወጣም።

አንዳንዶች ደግሞ «ዋቅላሚ የሚበላ ዓሣ ወይም ቀንድ አውጣ ጨምሬ እገላገላለሁ» ይላሉ። በአገራችን ሐይቆች በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ዋቅላሚ ይበላል። ነገር ግን በልቶ ምን ያደርጋል? ጥቂቱን ሥጋ ያደርገዋል፤ የቀረውን እዚያው መልሶ ይጥለዋል። መስታወቱ ይጸዳል፤ ናይትሬቱ ግን እዚያው ነው። ቆሮሶው በኩሬ አድጎ ለምግብ ከተጠመደ፣ ያን ጊዜ ከሥጋው ጋር ጥቂት ይወጣል። ይህም አጨዳ ነው።

ምን ያህል ዋቅላሚ ቢወጣ ነው ውሃው የሚጠራው? እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። መቶ ሊትር ውሃ አለን። በእያንዳንዱ ሊትር 40 ሚሊግራም ናይትሬት አለ። 100 በ40 ሲባዛ 4,000 ሚሊግራም፣ ማለትም 4 ግራም ነው። ናይትሬት ውስጥ ዋቅላሚው ለሰውነቱ የሚፈልገው ናይትሮጅን የሚባለው ክፍል ነው። በ4 ግራም ናይትሬት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 0.9 ግራም ያህል ነው። ከደረቀ ዋቅላሚ ክብደት ከመቶ 5 እጁ ናይትሮጅን ነው ብንል፣ 0.9 ግራም ለማውጣት 18 ግራም ደረቅ ዋቅላሚ ያስፈልጋል። እርጥብ ዋቅላሚ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ከአሥር አንዱ ብቻ ደረቅ ነው ብንል፣ 180 ግራም እርጥብ ዋቅላሚ መፋቅ አለብን። ይህ በእጅ ሲጨመቅ አንድ ብርቱካን ቢያህል ነው። ሂሳቡ በግምት ነው፤ እንደ ዋቅላሚው ዓይነት ይለያያል። ነገር ግን ሥራው ሊሠራ የሚችል መሆኑን ያሳየናል። ደግሞም ዓሣው በየቀኑ ስለሚጨምርበት፣ አንድ ጊዜ አጭዶ መቀመጥ አይቻልም።

ምግብ መቀነስም አይረሳ። ዓሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ የማይበላው ምግብ መሬቱ ላይ ይበሰብሳል። ብዙ ባለ አኳሪየሞች ዓሣውን የሚጎዱት በማስራብ ሳይሆን በማጥገብ ነው።

መጠንቀቅ የሚገባን

ዋቅላሚ ቀን በብርሃን ኦክሲጅን ይሰጣል። ሌሊት ግን እንደ እኛው ኦክሲጅን ይስባል። ስለዚህ ዋቅላሚ የበዛበት ኩሬ ሊነጋጋ ሲል፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ኦክሲጅኑ እጅግ ያንሳል። ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፋፍቱ ካያችሁ እየታፈኑ ነው። ማታ ደህና የነበረ ኩሬ ጧት የሞተ ዓሣ ሞልቶት የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። «ሰው መርዝ ጨመረብኝ» ብሎ ጎረቤትን ከመጠርጠር በፊት የውሃውን ቀለም መመልከት ይገባል። በአኳሪየም ላይ ግን ለዚህ ዘዴ አለው። የወንፊቱ መብራት ሌሊት፣ የዓሣው መብራት ቀን ይበራል። ያን ጊዜ ዋቅላሚው ሌሊቱን ኦክሲጅን ሲሰጥ ያድራል።

ሌላው አደጋ ከዚህ ይከፋል። ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ የሚባል አለ። በእውነቱ ባክቴሪያ ነው። ማዳበሪያ የበዛበት፣ የቆመና የሞቀ ውሃ ይስማማዋል። በውሃው ላይ እንደ ፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም ተንሳፍፎ ይታያል፤ ነፋስ ወደ ዳር ይሰበስበዋል። ክር አይሆንም፤ በእንጨት ሲያነሡት ይበታተናል። ከዚህ ዓይነቱ መርዝ ያለው አለ። ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1878 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በአሌክሳንድሪና ሐይቅ እንዲህ ያለውን ውሃ የጠጡ በጎች፣ ፈረሶች፣ አሳማዎችና ውሾች እንደሞቱ ጽፏል። በአገራችንም በቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይህን መሰል ዋቅላሚ እንደሚበቅልና መርዝ እንደሚያወጣ በምርምር ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ ውሃ ለከብት አይሰጥም፤ ሰው አይጠጣውም፤ ልጆችም አይዋኙበትም። ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም።

በዚሁ አንጻር፣ ክር መሳዩ ዋቅላሚ ያጠራው የዓሣ ውሃም ለዓሣ እንጂ ለሰው መጠጥ አይደለም። ናይትሬቱ ቢቀንስም ሌላው ተሕዋስ እዚያው አለ።

ተፍቆ የወጣው የት ይጣል?

አይጣልም። ይህ እንግዲህ ከውሃው የወጣ ማዳበሪያ ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ቤልትስቪል በተባለ ቦታ የሚገኙ የመንግሥት የእርሻ ተመራማሪዎች የወተት ላሞች እበት የታጠበበትን ውሃ ዘንበል ባለ ወንፊት ላይ አፍስሰው ዋቅላሚ አበቀሉበት። ዋቅላሚውን አጭደው አደረቁት። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ የደረቀው ዋቅላሚ ለዱባ ዘመድ ለሆነው ለኪያርና ለበቆሎ ችግኝ ማዳበሪያ ሆኖ አገልግሏል። ጉልበቱን የሚለቀው እንደ ዩሪያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው። ከላም በረት የወጣው እበት በውሃና በዋቅላሚ በኩል ዞሮ ወደ ማሳው ተመለሰ ማለት ነው።

የአንድ አኳሪየም ዋቅላሚ አንድ ማሳ አያዳብርም፤ ይህን ማጋነን አይገባም። ለጥቂት የቃሪያ ወይም የጎመን መደብ ግን ይሆናል። የኩሬ ዋቅላሚ ከሆነ መጠኑ ብዙ ነው። በፀሐይ አድርቆ ከአፈር ጋር መቀላቀል፣ ወይም ከቅጠልና ከፍግ ጋር በኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ማብሰል ይቻላል። እርጥቡን በኩሬው ዳር ከምሮ መሄድ ግን አይሆንም። ጣና ሐይቅ ላይ እንቦጭ በሚነቀልበት ጊዜም ይኸው ችግር አለ። በዳር የተከመረ አረም ሲበሰብስ፣ ዝናብ ጭማቂውን አጥቦ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። የታጨደው ዋቅላሚም ከኩሬው በታች በኩል፣ ጎርፍ ወደ ውሃው በማይወስድበት ቦታ ይወሰድ። ጉድጓዱም ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።